ከወረቀቱ ራስጌ ያለው ቀን

የመጨረሻው ደህና ቀን የገበያ ቀን ነበር። ቢቸና በገበያ ቀን ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ጤፍ የጫነ አህያ፣ በሬ የሚጎትት ሰው፣ በመካከላቸው እየጮኸ የሚሾልክ ባጃጅ። የእኛ ሱቅ ከእህል ተራው ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። በሯ ላይ «የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ጽሑፉን በብሩሽ የጻፈው ወንድሜ ምንይችል ነው። እኔ በላይነህ እባላለሁ። እሱ የመጀመሪያው ልጅ፣ እኔ የመጨረሻው ነን። ጋሼ ነበር የምለው።

ያን ቀን አንዲት እናት ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ የአባትዎን ስም እንደገና ይንገሩኝ» አላቸው ጋሼ።

«አሁን ነገርሁህ እኮ!»

«የመጀመሪያው ለጆሮዬ ነው፤ ሁለተኛው ለእጄ ነው።»

«እጅህ ጆሮ አለው እንዴ?»

«የኔ አለው። የዚህ የወንድሜ ግን ገና አልበቀለለትም።»

ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ቀን ነበር። ሌላ የተለየ ነገር አላስታውስም። የተለየ ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ወደ ማምሻው ገበያው ሲበተን፣ ጋሼ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋና የዕድራችንን የተራ ሰሌዳ ከፈተ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የትኛው ቡድን አውጥቶ እንደሚተክል የተደለደለበት ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ኃላፊ አለው። የእኛ ቡድን ኃላፊ እሱ ነበር።

«ምን ልትለውጥ ነው?» አልሁት።

«ምንም። ልየው ብዬ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ እንደ ልማዱ ሴቭ አድርጎ ዘጋው። በሩን እኔ ቆለፍሁ፤ እሱ ቁልፉን እንደገና ሞከረው። ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ማተሚያው ቶነር አወራን። በየቦታው ቀለሙ እየቀጠነ ነው አለኝ። ይህን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ስለ ቶነር ነው ያወራነው።

አሁን ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፣ ከአጎታችን ጋር። ሰው በቀበቶው ጩኸት ውስጥ እየጮኸ «ለምን ኮምፒውተሩን ተውኸው?» ይለኛል። ጩኸቱ ስላለ አልሰማሁም ብዬ አልፈዋለሁ። የሥራ ዘመኔን እንድጽፍ የነገሩኝ አባቴ ናቸው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ሲያገለግል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የእኔ የሥራ ዘመን አንድ ጋቢ አያስረጅም። ግን አለቀ። ያለቀ ነገር ይጻፋል አሉኝ አባቴ። እንዴት እንደሚጻፍ ደህና አድርጌ አላውቅም። በተራው ልሞክር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየሁ ከረምሁ። አንድ ጠዋት ጋሼ መጣና «ተነሥ፤ ጭንቅላትህን ትምህርት ቤት አስተምሮታል። ጣትህ ግን መሃይም ነው» አለኝ። ደመወዜ መጀመሪያ ምሳና ልብስ ነበር፤ ቆይቶ ተስተካከለ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር ፊደል አልነበረም። ሴቭ ማድረግን፣ የጻፉትን ማስቀመጥን ነው። መብራት በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ ደግሞ አርጅቶ፣ ጮኾ ሳይጨርስ ይሞታል። አንድ ጊዜ የአንድ ጠበቃ ረጅም ጽሑፍ ስጽፍ ውዬ ልጨርስ ስል ድርግም አለ። ምንም አልተረፈም። ጋሼ አልተቆጣኝም። መብራቱ ሲመለስ ከጎኔ ተቀምጦ ጽሑፉን አነበበልኝ፤ እኔ እንደ አዲስ ጻፍሁ። በየመስመሩ መጨረሻ ዝም ይላል። ሴቭ እስካደርግ የሚቀጥለውን መስመር አያነብልኝም።

«አንድ መስመር፣ አንድ ሴቭ» አለኝ። «አስበህ ከሆነ የምታደርገው አልተማርህም ማለት ነው። ሳታስብ ሲሆን ነው።»

ሴቭ የሚያደርጉትን ሁለት ቁልፎች የሚነኩት የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ያን ለመዱ። በኋላ ሳልጽፍም ያደርጉት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ካህኑ አንድ ምዕራፍ አንብበው ሲያቆሙ፣ ጣቶቼ በመቋሚያዬ ላይ ሴቭ ያደርጋሉ።

ሁለተኛ ያስተማረኝ ራስጌውን ነው። ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሲሠራ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት አናት ሄደር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ቀን በእጅ ሳይጻፍ ራሱ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። አንድ ምልክት ይነካል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት በወጣ ቁጥር ቀኑ አብሮ ይወጣል። ጋሼ በዚህ ይኮራ ነበር። «ሰው ቀን መጻፍ ይረሳል፤ ይኼ አይረሳም» ይል ነበር። በዚያን ጊዜ በቢቸና ከእኛ ሱቅ የሚወጣ ሠንጠረዥ ሁሉ በቀኝ ትከሻው ላይ ቀን ነበረው።

ከዚያ ሞጣ ሄድሁ። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ የደብተርና የወረቀት ሱቃቸው ጎን የጽሕፈት ቤት ከፍተው ሠራተኛ ፈለጉ። ጋሼ «ሌላ አለቃ ካላየህ እኔን አለቃ ነው ብለህ ትቀራለህ» ብሎ ላከኝ። ሐጂ «ቢቸኔው» ነበር የሚሉኝ። ስሜን የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር፤ ያውቁት ኖሯል። እኔ በእኛ ጾም እጾማለሁ፤ እሳቸው በረመዳን፣ አንዳንዴም በፈቃዳቸው ይጾማሉ። «በዚህ ሱቅ ምሳ የሚባል ነገር አላህ አልጻፈም» ይሉ ነበር። «ሁልጊዜ አንዳችን ስንጾም ሌላው መብላት ያፍራል።»

ለሐጂ ሱቅም ያንኑ ቀን በራስጌው አደረግሁ። ደስ አላቸው።

አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስሁ። አቶ ፈንቴ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ የውሃ አባት ናቸው። ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለች ወንዝ በጋ በጋ ሽንኩርትና ድንች የሚያጠጡ ገበሬዎች መርጠዋቸው፣ ውሃው ማን ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደሚዞር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ያን ተራ እኔ ጋ አስጻፉ። ከርሞ ሁለት ጎረቤታሞች ተራቸውን እንዲለዋወጡ ተወሰነና እንደገና መጡ፤ ለወጥሁላቸው፤ አዲሱን ወስደው ዛፉ ላይ ለጠፉት።

ጥቂት ቆይቶ፣ ከሁለቱ አንዱ፣ ባዜ የሚባለው፣ ለገበያ በመጣበት «የውሃውን ተራ አውጣልኝ፤ ቤቴ ልለጥፈው» አለኝ። ያን ቀን ሠንጠረዡን የሠራሁበት ማሽን ተበላሽቶ ነበር። ፍላሼን ሌላው ላይ ሰካሁና ከዚያ አወጣሁለት። ፍላሹ ላይ የነበረው የድሮው፣ ያልተለወጠው ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ግን ራስጌው ላይ የዚያን ዕለት ቀን ይዞ ወጣ። ትኩስ ቀን፣ አሮጌ ተራ። እኔም አላየሁም፤ ባዜም አላየም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዎች የነገሩኝ ነው። ባዜ በድሮው ተራው ቀን ውሃውን ሊያዞር ሄደ። ጎረቤቱ አንሙት እዚያው ቆሞ አገኘው።

«ተራው የኔ ነው» አለ አንሙት። «ወረቀቱ ዛፉ ላይ አለ።»

«ያንተ ወረቀት ያረጀ ነው! የኔ ያሁን ነው፤ ቀኑን እይ! ወይስ ቁጥር አታነብም?»

ቀኑን አዩት። የባዜ አዲስ ነበር። አንሙት ግን የተወሰነውን በጆሮው ሰምቷል፤ አልለቅም አለ። አካፋ ተነሣ። የአንሙት ክንድ ተሰበረ።

አቶ ፈንቴ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው መጥተው ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«የትኛው ነው እውነቱ?» አሉኝ።

«ይኼ» አልሁና የቀደመው ቀን ያለበትን አሳየሁ።

«ታዲያ አዲስ ቀን ያለበት እንዴት ውሸት ሆነ? ልጄ፣ ቀን ይዋሻል?»

ሁለቱን ወረቀት መልሼ አየሁ። ቀኑ እኮ አልዋሸም፤ ወረቀቱ በእርግጥ የወጣው በዚያ ቀን ነው። ግን ሰው ክንዱ ተሰብሯል። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ ሳስበው እስከ ዛሬ ይዞርብኛል።

ሐጂ ኑሩ «ከእኔ ሱቅ የወጣ ወረቀት ነው» ብለው ወጌሻ አስመጡ፤ ሽማግሌ ሆነው ከተቀመጡት ጋርም ተቀመጡ። ጋሼ በማግስቱ በአውቶቡስ ደረሰ። ሐጂን ሰላም ብሎ በቀጥታ ሄዶ አቶ ፈንቴ ፊት ቆመ።

«ያ ቀን ራሱ እንዲወጣ ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አላቸው። «የተማረው ልጅ ያስተማሩትን ነው ያደረገው።»

«እኔ ሰው ለመክሰስ አልመጣሁም» አሉ አቶ ፈንቴ። «ዛፉ ላይ የምለጥፈውን ንገሩኝ።»

ጋሼ ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ። ሠንጠረዡን ከፍቶ ምንም ሳይነካ ፕሪንት አደረገ። የማሽኑን ቀን ለውጦ ያንኑ እንደገና ፕሪንት አደረገ። ሁለቱን ወረቀት በብርሃን ላይ ደርቦ አያቸው፤ ከቀኑ በቀር ሁሉ አንድ ነው። እንደ ልማዱ ወረቀቱ ላይ እፍ አለበት፤ ትኩስ ወረቀት ሲወጣ ሁሌ እፍ ይልበታል፣ እንደ ምግብ።

«ይኼ የሚነግረን ወረቀቱ የታተመበትን ቀን ነው» አለኝ። «ሰው የሚፈልገው ደግሞ ቃሉ የተለወጠበትን ነው። አንድ መስሎኝ ነበር እኮ፣ በላይ። አንድ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ያን ነገር ያዘው፤ እኔም ወደ ቢቸና በመጣሁ ቁጥር አብሬው እቀመጥ ነበር። ማሽኑ ፋይሉ መጨረሻ የተለወጠበትን ቀን ያውቀዋል፤ ፋይሉን በቀኝ ነክቶ ዝርዝሩን ያየ ያገኘዋል። ግን ራስጌው ላይ እንዲወጣ የሚያደርግ ምልክት የለም። ለዛሬው ቀን አለ፤ ለሰዓት አለ፤ ለፋይሉ ስም አለ። ለተለወጠበት ቀን የለም። ጋሼ ያለ አይመስለውም ነበርና እያንዳንዱን ነካ። በኋላ በኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ወዳጁ፣ ማክሮ የሚባል ትንሽ ትእዛዝ ከፋይሉ ጋር አብሮ መጻፍ እንደሚቻል አሳየው። ትእዛዙ ከፋይሉ የተለወጠበትን ቀን አንብቦ ራስጌው ላይ ያስቀምጣል።

መጀመሪያ የጻፈው ወረቀቱ ሊታተም ሲል የሚሠራ ነበር። ደህና ሠራ። ጨፈርን። ከዚያ ፋይሉን ስንዘጋ ማሽኑ «ለውጡን ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀ። ምንም የለወጥነው ነገር የለም፤ ግን ትእዛዙ ራሱ ራስጌውን ስለነካ እንደ ለውጥ ቆጥሮታል። እኛም እንደ ልማዳችን አዎ አልነው። በማግስቱ ስናወጣው ቀኑ ተንቀሳቅሷል።

«ማየታችን እንደ መለወጥ ተቆጠረብን» አለ ጋሼ፤ እየሳቀ ግን ግንባሩን ይዞ።

ትእዛዙን አዞረው። ሲታተም ሳይሆን ሴቭ ሲደረግ ብቻ ቀኑን እንዲጽፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢታተም ቀኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ሴቭ ካልተደረገ በቀር።

የቀረው የዘመን አቆጣጠሩ ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ዛፍ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ደግሞ በእኛ መሆን አለበት። አባታችን የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ ሰው የኔታ ይላቸዋል፤ እኛ አባ እንላቸዋለን። የወሮቹን መባቻ ከእሳቸው ጋር ተቀምጦ አዛመደ። ደህና ሄደ፣ ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት እስኪመጣ። በስድስተኛዋ ቀን ሰው ሁሉ ገና በግ ሲያማርጥ፣ ከእኛ ሱቅ የወጣው ወረቀት መስከረም አንድ ብሎ ዓመቱን ለወጠው። አባ ወረቀቱን አይተው «ሉቃስን ረሳችሁት እኮ!» አሉ። ስድስተኛዋ የምትጨመረው በዘመነ ሉቃስ ነው።

«ኮምፒውተሩ ወንጌላውያንን አያውቅም፣ አባ።»

«አስተምረው እንጂ! አንተንስ አስተምሬህ የለም?»

አስተማረው።

ከሞጣው ነገር በኋላ ጋሼ ሁለት ሕግ አወጣ። አንደኛው፣ የአንድ ጉዳይ ፋይል አንድ ብቻ ይሁን። ግልባጭ በፍላሽ፣ በሌላ ማሽን፣ በሌላ ስም አይቀመጥም። «የአንድ ውሃ ሁለት አባት አይኖረውም» ይል ነበር። ሁለተኛው፣ አዲሱን የሰቀለ እጅ አሮጌውን ይቅደድ፤ ሰው እያየ፤ አራት ቦታ። ይህን ሞጣ ድረስ ተመልሶ፣ ዛፉ ሥር፣ ባዜም አንሙትም ክንዱን እንዳንጠለጠለ ቆመው እያዩ አደረገው። የቀደደውን ኪሱ ከተተ። አቶ ፈንቴ አዲሱን ወረቀት ቀና ብለው አዩና «ይኼ ቀን ምንድን ነው?» አሉ። «ቃሉ የተለወጠበት» አላቸው። «እሺ፤ እንግዲህ እናምነዋለን» አሉ።

አንድ ጊዜ ግራ ሲገባኝ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ምንም ሳልለውጥ ዝም ብዬ ሴቭ ባደርግስ? ቀኑ ይለወጣል። ይኼም ያው ውሸት አይሆንም?»

ጆሮው ላይ የሚሰካው እርሳስ ነበረው፤ ጽፎበት አያውቅም። እሱን አውጥቶ አሽከረከረው።

«አይቶ ደህና ነው ማለትም ሥራ ነው» አለኝ። «በዚያ ቀን አንድ ሰው አይቶታል ማለት ነው። ለእኔ ይበቃኛል።»

እኔን ግን አልበቃኝም ነበር። እንደገባኝ ሆንሁ።

ሞጣ ቆይቼ፣ ሐጂ ሱቁን ለልጃቸው ሲያስረክቡ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። ስሰናበታቸው ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጠርተው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ እስከዚያ የገበያ ቀን ድረስ ከጋሼ ጎን ነው የሠራሁት።

ከገበያው ቀን ማግስት ጠዋት ጋሼ ሆዴን አለ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሂድ አሉ። መንገድ ላይ እጁ እጄ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ እጁ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ምን እንደነበረ ነግሮናል። ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ግን አልያዝሁትም። ሁለተኛ እንዲነግረኝ አልጠየቅሁም። ስም ሁለት ጊዜ የሚያስነግር ወንድም እያለኝ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ቀበርነው። የዕድሩ ድንኳን ግቢያችን ተተከለ። የተከለው ተራው የደረሰው ሌላ ቡድን ነው።

ከቀብሩ በማግስቱ ጠዋት፣ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠን ሳለ የዕድራችን ዳኛ አቶ ደምሴ ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ከአባ ፊት ቆሙ። አልተቀመጡም።

«የኔታ… እንዲህ ባለ ቀን…»

«ተናገር ደምሴ። ማን ሞተ?» አሉ አባ።

«እማሆይ ጥሩዬ። ዐርፈዋል።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አቶ ደምሴ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ቀና ብለው ድንኳኑን አዩና መልሰው መሬት አዩ። ትልቁ ድንኳን አንድ ብቻ ነው።

አባ ገባቸው። «የእኛው ተቀብሯል። የእሳቸው አስከሬን ገና ከቤት ነው። ውሰዱት።»

«መውሰዱስ ይሁን፣ የኔታ። ተራው የማን እንደሆነ ነው የከበደኝ። የእናንተው ቡድን ነው። ደንቡን ያውቁታል፤ ስሙ ዕድር ቤቱ በር ላይ ያልተለጠፈ ሰው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አይዝም። ወንበሩም ድስቱም ያለ ኃላፊ አይወጣም። የተለጠፈው ስም ደግሞ…» ሳይጨርሱ አቆሙ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደርቆ ነበር። «የወንድምህን ቦታ ያዝ» አሉኝ።

ከአቶ ደምሴ ጋር ወደ ሱቁ ሄድሁ። በሩን ከፈትሁ። መብራት ነበረ። ወንበሩ እሱ እንዳስጠጋው ወደ ማሽኑ ተጠግቶ ነበር። አቶ ደምሴ አልገቡም፤ ደጅ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

ሰሌዳውን ከፈትሁ። ራስጌው ላይ ያለው ቀን የገበያው ቀን ነው። ዕድር ቤት በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከዚያ የቀደመ ቀን እንዳለው አውቃለሁ። የገበያው ቀን ያለበት ወረቀት አልወጣም። ያ ቀን ያለው እዚህ ብቻ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ። የጋሼ እጅ መጨረሻ የነካው ቀን።

ምን እንደለወጠ ፈለግሁ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ሁሉም የማውቃቸው ናቸው። ከታች ወደ ላይ አየሁ። ምንም። ልየው ብዬ ነው ብሏል።

አንድ ስም ብነካና ሴቭ ባደርግ ያ ቀን ይሄዳል። ተመልሶ አይመጣም። በሌላ ስም ግልባጭ ላስቀምጠው አልሁ፤ የከለከለውስ ይህንኑ አይደለም? እሱን ለማቆየት የእሱን ሕግ ላፈርስ ነው? ቢያንስ ሳልነካው በፊት አንድ ወረቀት ላውጣ አልሁ። ወረቀት ማሽኑ ላይ ሞላሁ። ለማን ልለጥፈው ነው? የሞተ ሰው ድንኳን እንዲተክል የሚያዝ ወረቀት? ያም ሆኖ ላወጣው ነበር። ይህን በእርግጥ አስታውሳለሁ፤ ላወጣው ነበር።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አሉ አቶ ደምሴ ሳይዞሩ። «አይዞህ።»

ስሙ ላይ ሄድሁ። ምንይችል ጥሩነህ ይላል። የአባታችን ስም አንድ ነውና የመጀመሪያውን ብቻ አጠፋሁ። በላይነህ ብዬ ጻፍሁ። መስመሩ አለቀ።

እጄ ሴቭ አደረገ።

ረሳሁት ልበል? እጄ ቀደመኝ ልበል? አላወቅሁም። አንድ መስመር፣ አንድ ሴቭ። ቀና ስል ራስጌው ላይ የዚያን ጠዋት ቀን አየሁ። የገበያው ቀን የለም። ያጠፋው እሱ ያስለመደኝ እጅ ነው። ልናደድበት ፈለግሁ፤ በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። ጣቶቼ አሁንም ቁልፎቹ ላይ ነበሩ፣ ዝም ብለው፣ የሚቀጥለውን መስመር እንዲያነብላቸው እንደሚጠብቁ።

ፕሪንት አደረግሁ። እፍ አልሁበት።

ዕድር ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አዲሱን ለጠፍሁ። አሮጌውን አነሣሁ። አቶ ደምሴ እጄን ያዙኝ።

«ይኼን ተወው። ስሙ ያለበት ነው፤ ውሰደው፣ ቤት ይቀመጥ።»

«አይሆንም፣ ጋሽ ደምሴ» አልሁ። «አዲሱን የሰቀለ ይቀድዳል።»

ቀደድሁት፤ አራት ቦታ፣ እያዩኝ። ኪሴ ከተትሁት። ቁልፉን ሰጡኝ፤ ፈረምሁ።

ከዚያ ከቡድናችን ሰዎች ጋር ወደ ቤት ተመለስን። ለቀስተኞቹ ወንበራቸውን እያነሡ ወደ ግንቡ ጥላ ሄዱ። አባ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ፀሐይ እንዳይመታቸው ጋቢያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው እኔን ያያሉ። ምን እንደሚጠብቁ ለጊዜው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ኃላፊው ሳይጀምር የሚጀምር የለም።

ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀልሁ።